ከሲንክ ሥር የተረፈ የውኃ መስመር መድፈን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ወደ ሌላ ክፍል ወሰድነው። ከወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር የቀረውን ቫልቭ ዘግቼ ብተወውስ?

መልስ፦ አይተዉት። የቫልቭ የውስጥ ጎማ ሲያልቅ ያንጠባጥባል፤ ባልዲ ሲገፋም እጀታው ሊዞር ይችላል። አፉ ላይ ጎማ ያለው ሴቴ (ጠመዝማዛ ጥርሱ በውስጥ በኩል ያለ) ክዳን ይግጠሙ። አፉን ሳይለኩ ግን አይግዙ፤ የማሽን ቫልቭ ብዙ ጊዜ 3/4 ኢንች፣ ተራው አንግል ቫልቭ (ከግድግዳ ወጥቶ ወደ ላይ የሚታጠፈው መዝጊያ) ደግሞ 1/2 ኢንች ነው። በእጅ አጥብቀው በመፍቻ ሩብ ዙር ቢጨምሩ ይበቃል። ውኃውን የሚይዘው ጎማው ስለሆነ ቴፍሎን (ጥርሱ ላይ የሚጠቀለል ቀጭን ነጭ ቴፕ) አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ቫልቩን ነቅዬ ግድግዳው ላይ ብደፍነውስ?

መልስ፦ እኔም የምመርጠው ይህን ነው። የቆጣሪውን ብቻ ሳይሆን የሮቶውንም መዝጊያ ይዝጉ፤ አንዱን የረሳ ወጥ ቤቱን ያጥለቀልቃል። ከዚያ ሌላ ቧንቧ ከፍተው መስመሩን ያራግፉ። 1/2 ኢንች ወንዴ (ጥርሱ በውጭ በኩል ያለ) የነሐስ መድፈኛ ይዘው፣ ጥርሱን ፊት ለፊት እያዩ ቴፍሎኑን በሰዓት አቅጣጫ ከ10 እስከ 12 ዙር ይጠቅልሉ። በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲገባ ይላጣል። ካጠበቁ በኋላ ለማስተካከል ወደ ኋላ አይመልሱ፤ ከመለሱ አውጥተው እንደ አዲስ ይጠቅልሉ።

ዋናው ጥፋት ጉልበት ማብዛት ነው። መስመሩ ፒፒአር (እየቀለጠ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቱቦ) ከሆነ ጥርሱ ያለው ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረ ነሐስ ላይ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ነሐሱ ከፕላስቲኩ ይላቀቅና ውኃው ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። መድፈኛው ደረቅ ሆኖ የግድግዳው ቀለም መላጥ ከጀመረ ይህንን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ግንበኞች የተዉት ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ መድፈኛ አለ። ይቀየር?

መልስ፦ ይቀየር። እሱ ለግፊት ፍተሻ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ፒፒአሩን ቆርጬ ክዳን አቅልጬ ማጣበቅ እችላለሁ?

መልስ፦ የፒፒአር ማቅለጫ ማሽን ካለ አዎ። ለ20 ሚሊሜትር ቱቦ በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ 5 ሰከንድ አሙቀው፣ ሳያዞሩ ቀጥ አድርገው ይግፉና ለ2 ደቂቃ አይንኩት። ቱቦው ግን ፍጹም ደረቅ ይሁን። ጠብታ እንኳ ካለ እንፋሎት ሆኖ ብየዳውን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ቦይለር ስለሌለን ሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያቀላቅለው ቧንቧ) ላይ ቀዝቃዛውን ብቻ አገናኘሁ። ውኃ በሌላኛው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ይወጣል!

መልስ፦ እጀታው መሃል ላይ ሲሆን ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ይመለሳል። የፍሌክሲብሉ ዳዶ ሴቴ ስለሆነ 1/2 ኢንች ኒፕል (ሁለቱም ጫፉ ወንዴ የሆነ አጭር ማገናኛ) ገጥመው፣ በኒፕሉ ሌላ ጫፍ ላይ ክዳን ያጥብቁ። ክዳኑ ጎማ ከሌለው በኒፕሉና በክዳኑ መካከል ቴፍሎን ያስፈልጋል። ፍሌክሲብሉን አጥፎ በሽቦ ማሰር መፍትሔ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደፍኜ ጨረስኩ፤ ጠብታ የለም። አበቃ?

መልስ፦ የፈረቃ ውኃ ጠፍቶ ከሆነ የሞከሩት፣ ገና አልሞከሩም። ውኃው ሌሊት ሲመጣ አየር እየገፋ፣ ከሮቶው በበለጠ ግፊት ሊደርስ ይችላል። መስመሩ ሲሞላ ክዳኑን አድርቀው ደረቅ ሶፍት ዙሪያውን ይጠቅልሉበት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም በማግስቱ ይዩት። ሶፍቱ ከረጠበ ደጋግመው አያጥብቁ፤ ውኃውን ዘግተው ቴፍሎኑን ይቀይሩ።