ለድሬ ልጆች፦ የቀዘቀዘ እጅ

ልጆቼ፣ ከነርስነት ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ድሬዳዋ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ሰውነታችሁ ብዙ ጉዳት ችሎ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ ጤና ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። እኔ ተሳስቼበታለሁና።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ግንቦት ነበር፤ የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጫኝና አውራጅ ከተጫነ መኪና ላይ ወድቆ መጣ። ዕድሜው 20 ቢሞላው ነው። በእግሩ ነው የገባው። ግራ ጎኑን ደግፎ ይዟል፤ የሚታይ ቁስል ግን የለውም። ደም ግፊቱን ለካሁ፤ 115 በ80። ጥሩ ነው አልኩ። የልብ ምቱ 128 ነበር። ደንግጦ ነው፣ አሞትም ነው ብዬ አለፍኩት። ወንበር ላይ አስቀምጬው ወደ ሌላ በሽተኛ ሄድኩ።

አለቃዬ የነበሩ ሲስተር በዚያ ሲያልፉ ልጁን ጨበጡት። ሰላም ሊሉት መስሎኝ ነበር። እጁን ግን አልለቀቁትም። "ነይ ንኪው" አሉኝ። ነካሁት። ቆርቆሮው እሳት በሚተፋበት በዚያ ሰዓት የልጁ እጅ ከጉድጓድ ውሃ የወጣ ይመስል ቀዝቅዟል። "ይሄ ልጅ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው" አሉ። እውነትም ጣፊያው ተቀዶ ነበር። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሆኖ ተረፈ። እሳቸው ባያልፉ ኖሮ በጥሩ ደም ግፊት፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይሞትብኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ምን ሆኖ ነው? የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ደሙ ሲጎድል ልብ ትፈጥናለች። የእጅ፣ የእግርና የቆዳ ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ያለው ደም ለአንጎልና ለልብ ይድረስ ተብሎ ነው። ኩላሊቶችም ሽንት ይቀንሳሉ። ቤት ሲጎድል እናት ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ለልጆቿ እንደምታጎርሰው ማለት ነው። ልጆቹ ስላልተራቡ ቤቱ የሞላ ይመስላል። ወጣት ሰው ላይ ደግሞ ይሄ ሁሉ ብርቱ ነው። ከደሙ 30 በመቶ ገደማ እስኪያጣ ድረስ ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። መውረድ ሲጀምር ግን ጊዜ አይሰጥም። እኔ ግፊቱን አይቼ ደህና ነው አልኩ። እጁ እውነቱን እየነገረኝ ነበር።

ትምህርት ቤት የደም ዝውውር፣ የመተንፈሻ፣ የሽንት ሥርዓት እየተባለ በየምዕራፉ ትማራላችሁ። መማሩ ጥሩ ነው። ሰው ግን በምዕራፍ አይታመምም። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሸፍናል፤ ሚዛን የምንለው ይሄንን መሸፋፈን ነው።

ላብን ተመልከቱ። የድሬ ልጆች ስለሆናችሁ ንቃችሁታል። ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። ቆዳችን ሙቀቱን ለአየሩ የሚሰጠው አየሩ ከቆዳው ሲቀዘቅዝ ነው። ሰኔ ላይ ቀኑ 35 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አየሩ አይቀበልም። የቀረው መንገድ ላብ ነው። ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሸክላው ያልበዋል፣ ንፋሱ ያደርቀዋል፣ ውሃው ይበርዳል። በደረቅ አየር ላቡ ወዲያው ስለሚተን ሸሚዛችሁ እንኳ ሳይርስ ብዙ ውሃ ትከፍላላችሁ። ፀሐይ ላይ ጉልበት የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል።

ያ ውሃ ጨውም ይዞ ነው የሚወጣው፤ የሚቀዳውም ከደም ነው። ደሙ ሲወፍር አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ቦታ ታውቃለች። በሆርሞን በኩል ወደ ኩላሊት መልእክት ትልካለች፤ ውሃ ቆጥቡ ብላ። ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሩ ዘጠኝ ጀሪካን ነው። ከዚህ ሁሉ በሽንት የሚወጣው አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ተመልሶ ለደም ይገባል። መልእክቱ ሲደርሳቸው የበለጠ ይቆጥባሉ፤ ሽንቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥም እስኪይዛችሁ አትጠብቁ። ጥሙ ሲመጣ ውሃው ቀድሞ ጎድሏል። ሽንታችሁን እዩ።

ስለ ጫት ልቆጣችሁ አልመጣሁም። እኔም በርጫ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን ውስጡ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ረሃብን ያጠፋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሰውነታችሁ "በቃኝ" የሚልበትን አፍ ይይዝበታል። ስንት ልጅ አይቻለሁ! ምሳ ሳይበላ፣ ከሰዓት በሙሉ ሲቅም ውሎ ማታ ራሱን ሲያመው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝቶ ይውጣል። በማግስቱም እንደዚሁ። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ውሃ ያነሰው ኩላሊት ደም የሚገባበትን ስር ከፍቶ ለመያዝ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠቀማል። እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ እሱ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ስሩ ይጠብባል። ኩላሊቱ ይጎዳል፤ እናንተ ግን ምንም አይሰማችሁም። የማጣራት አቅሙ በግማሽ ገደማ እስኪቀንስ ድረስ ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ እንኳ ልክ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እባካችሁ፣ ውሃ ባጎደላችሁበት ቀን እነዚህን ኪኒኖች አትንኩ። መጀመሪያ ጠጡ፣ ብሉ፣ ተኙ። ራስ ምታቱ ከተመላለሰባችሁ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ታዩ።

የመጨረሻው የዴንጊ ነገር ነው፤ ትንኝ የምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ። በ2006 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ ሲገባ ብዙ ቤት ተኝቷል። ታማሚው ለቀናት በትኩሳት ይነዳል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። ከዚያ ትኩሳቱ ይለቀዋል። ቤተሰብ ተመስገን ይላል፤ ጎረቤት ይበተናል። ለአንዳንዱ ግን ክፉው ሰዓት ያኔ ነው የሚጀምረው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ቀጫጭን ደም ስሮች ፈሳሽ ማንጠብጠብ ይጀምራሉ። ደሙ ስሩ ውስጥ ያንሳል። ሰውነቱም ልክ እንደዚያ ጫኝና አውራጅ መሸፈን ይጀምራል።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ስጡት። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን አትስጡት፤ የመድማት አደጋ አለው። ትኩሳቱ ሲበርድ ከአጠገቡ አትነሱ። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ትውከቱ እምቢ ካለ፣ ድዱ ከደማ ወይም ከተቅበጠበጠ ዝም አትበሉ። እጁን ያዙት፣ ቶሎም አትልቀቁት። ከቀዘቀዘ እንዲነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል አድርሱት።