የፈረንጅ ቃሪያ በድሬ፦ አበባው ለምን ይረግፋል?

እህቴ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ግቢሽ ውስጥ የተከልሽው የፈረንጅ ቃሪያ ቅጠሉ ለምልሞ አበባው እየረገፈ፣ የያዘውም ጥቂቱ ታቹ እየጠቆረ አስቸግሮሽ፣ ማዳበሪያ ልጨምር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አቦ ተዪው! ዩሪያማ ጭራሽ እንዳትነኪ። ቅጠል እንጂ ፍሬ አይጨምርልሽም።

አበባውን የሚያረግፈው ሙቀቱ ነው። ይሄ ቃሪያ ቀን ከ32 ዲግሪ፣ ማታ ደግሞ ከ24 ሲያልፍ አይችልም። ግንቦትና ሰኔ እኛም በረንዳ ላይ ነው የምናድረው፣ እሱ ምን ያድርግ? ሚጥሚጣ ይችለዋል፤ እሱ ግን ቅምጥል ነው።

ስለዚህ ወሩን ቀይሪ። እኔ ችግኙን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጥላ ሥር አፈላለሁ። ጥቅምት ላይ ስንዝር ሲያክል መደብ ላይ አዛውረዋለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታው ቀዝቀዝ ሲል ያብባል፣ ያኔ ፍሬ ይይዛል። ሐረር ያሉ ዘመዶቼ በዚህ አይጨነቁም፤ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት።

የታቹ መጥቆር ደግሞ በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት አትግዢ። ፍሬው ካልሲየም ሲያጥረው ነው እንዲህ የሚሆነው። ካልሲየም በድሬ ውሃ ውስጥ ሞልቷል፤ ማንቆርቆሪያሽን ከፍተሽ ነጩን ቅርፊት እዪው። ግን ተክሉ የሚስበው ከውሃ ጋር ስለሆነ፣ አንድ ቀን አጥለቅልቀሽ ሦስት ቀን ካስጠማሽው ፍሬው ጋ አይደርስም። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን አንድ ሁለት ጀሪካን አስቀምጪ። በማለዳ አጠጪ፤ ከሰዓት ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ሻይ ያፈላል። ሥሩን ዙሪያውን በተቆራረጠ የማሽላ አገዳ አልብሺው፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ከዛ ጣትሽን ከአገዳው ሥር አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ውሃ አትጨምሪ።

ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ምረጪ። ከሌለ አሮጌ ሽርጥም ቢሆን ከላዩ ወጥሪ፣ አለዚያ ፀሐይ የመታው የፍሬው ጎን ነጥቶ ይበላሻል። ቅጠሉ ከተጨማደደ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ካለ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠሽ እርጪበት። የፍየል ፍግ በደንብ ከበሰበሰ ግሩም ነው። ፍየሎቹን ግን አጥሪባቸው፤ በር ክፍት ካገኙ ገራባቸውን፣ የጫቱን ትራፊ፣ ትተው ወደ ችግኝሽ ነው የሚሮጡት።

አሁን ያለውን እንዳትነቅዪው። ዓመት አልፎ መኖር የሚችል ተክል ነው። የጠቆሩትን ፍሬዎች ልቀሚ፣ ክረምቱን በጥላና በውሃ አሻግሪው። ብርዱ ሲገባ እንደገና ያብብልሻል።