«ማን አለ?» የሚልሽ ትምህርት ቤት ፈልጊ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ጋዜጠኛ መሆን ነው የምፈልገው። ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል። አንዱ ስሙ የተጠራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው ብዙም አይታወቅም፤ ግን ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ጋዜጣ ያወጣሉ። አባቴ ደግሞ «ለጋዜጠኝነት ዲግሪ ምን ያደርጋል? ሕግ ተማሪ» ይለኛል። ማንን ልስማ?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽ ላይ አትናደጂ። ግማሽ እውነት ይዘዋል። በ1972 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ) የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ኋላ ከሥልጣን ያስለቀቀውን የዋተርጌትን ጉድ ተከታትለው ካወጡት ሁለት ሪፖርተሮች ቦብ ውድዋርድ የተማረው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነው። ካርል በርንስታይን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የወጣ ሰው ነው። የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2009 ጋዜጠኛ ለመሆን የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ግዴታ አይደለም ብሎ ወስኗል። ስለ ሐኪም እንዲህ የሚፈርድ ፍርድ ቤት መቼም አታገኚም። ጣሊያን ግን ከ1963 ጀምሮ በሕግ የቆመ የጋዜጠኞች መዝገብ አላት፤ ባለሙያ ተብሎ ለመመዝገብ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ የምትሠሪበትን አገር ሕግ አስቀድመሽ እዪ።

ሌላውን ግማሽ ከራሴ ልንገርሽ።

እኔ ዲግሪዬን ይዤ ነው ዜና ክፍል የገባሁት። የመገናኛ ብዙኃን ንድፈ ሐሳብ እንደሆነ እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የቤት ቃጠሎ ነበር። አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ ለአዘጋጇ ሰጠኋት። ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እሳቱ በኤሌክትሪክ ምክንያት ተነስቷል» ያልኩበት ጎን «ማን አለ?» ብላ ጻፈች። «ነዋሪዎች በድንጋጤ ተውጠዋል» ያልኩበት ጎን ደግሞ «ስንቱን አነጋገርክ?» አንድ ሰው ነበር ያነጋገርኩት፤ እሱም መንገደኛ ነው። ቀጥላ የባለቤቱን ስም አየችና «ኃይሉ በየትኛው ሀ ነው?» አለችኝ። በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይስ በብዙኃኑ? እኔ እንጃ። «ደውለህ ጠይቀው።»

ስልኩን ስፈላልግ ግማሽ ቀን ሄደ። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ስለ ፊደል መደወል ምን እንደሚመስል አስቢው። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። ፊደሉን ነገረኝና «ምን ብላችሁ ልትጽፉ ነው?» አለ። አነበብኩለት። «እሳቱ ከምድጃ ነው የተነሳው። ማነው ኤሌክትሪክ ያላችሁ?»

ዜናው ተገለበጠ። ያን ሁሉ ዓመት ስማር «ማን አለ?» ያለኝ መምህር አልነበረም። ጽሑፌን የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ለማርክ። ስሳሳት ስልክ የሚደውልልኝ ባለጉዳይ አልነበረኝም።

ይሄ ቀድሞ የገባቸው ነበሩ። በ1908 የአሜሪካው ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱን ሲከፍት፣ ተማሪዎቹ ትምህርት በተጀመረበት በዚያው ዕለት ጋዜጣ አወጡ። ጋዜጣው ዛሬም አለ። የሚያነበው የከተማው ሰው ነው፤ የሚያርመው ደግሞ በሙያው የኖረ አዘጋጅ።

አንቺም ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጋ ሂጂና አንዳንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊ። «ዘንድሮ ስንት ሥራ ታተመልህ? እስቲ የታረመ ረቂቅህን አሳየኝ» በዪው። ወረቀቱ በእርማት ከተሞላ ደስ ይበልሽ። ጥግ ላይ «ቢ ፕላስ» ብቻ ካለ እኔ የተማርኩበት ዓይነት ነው። በስቱዲዮና በካሜራ አትሸወጂ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ። ጎብኚ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ስቱዲዮ አይቻለሁ። ያ «በየሳምንቱ ይወጣል» የተባለው ጋዜጣም ያለፉትን እትሞች ቁጥሪያቸው። ገጹ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሪባን ሲቆርጡ ከሆነ፣ እሱ ጋዜጣ ሳይሆን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

ስም ዋጋ የለውም አልልሽም። የክፍል ጓደኞችሽ ነገ ባልደረቦችሽ ናቸው፤ ሥራ ሲከፈት የሚደውሉልሽ እነሱ ናቸው። በዚህ በኩል የታወቀው ይበልጣል።

የሕጉ ነገርስ? ክስና ፍርድን የማይለይ ሪፖርተር ተከሳሹን ወንጀለኛ ብሎ ይጽፍና ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ያርፈዋል። ስለዚህ የአባትሽ ሐሳብ ከአንቺ ምኞት ጋር አይጣላም። በጋዜጣ ባለቤቱ በጆሴፍ ፑሊትዘር ኑዛዜ በ1912 የተከፈተው የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ራሱ ዛሬ የሚቀበለው የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ነው። ሕግ ተምረሽ፣ እግረ መንገድሽን ለተማሪዎች ጋዜጣ እየጻፍሽ፣ ማስተርስሽን በጋዜጠኝነት ልትይዢ ትችያለሽ።

ለእኔ ግን፣ እትሞቹን ቆጥረሽ እውነት ሆኖ ካገኘሽው፣ ትንሹ ይሻልሻል። ሕግ ወይም ስታቲስቲክስ በማይነር፣ ማለትም በተጓዳኝ ትምህርትነት ያዢበት።

አንድ ነገር ቀረኝ። የአባትሽን ቃል በትእምርተ ጥቅስ አስገብተሽዋል። እንዲያው እንደወረደ ነው ወይስ አንቺ አሳጥረሽው ነው? እስቲ አንብቢላቸው።