መልስ፦ ሁለት አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርድ በ850 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ይሰራል ወይ?

850ው አይበቃህም፣ ጌም ስከፍት ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል ያልከውም በሱ ነው። ቢያንስ 1200 ዋት ግዛ፣ ሲፒዩህ (ዋናው ፕሮሰሰር) ብዙ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ወደ 1600 ብትሄድ ይሻልሃል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ አንዱ አርቲኤክስ 3090 ከፋብሪካ በወጣበት ሴቲንግ 350 ዋት ይበላል፣ ሁለቱ 700፣ ሲፒዩው ጌም ላይ 150 ምናምን፣ ለማዘርቦርድ ለራም ለፋን ለኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫው) 100 ብትይዝ 950 ደረስክ ማለት ነው። ደግሞ ይሄ አማካዩ ነው እንጂ እነዚህ ካርዶች ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከ350ው በጣም ዘለው የሚወጡበት ጊዜ አለ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከዘለሉ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። ጌም ሳትከፍት ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ስትሆን ግን ካርዶቹ ብዙ ስለማይበሉ ሰላም ይሆንልሃል።

ኬብሉን ስትሰካ ካርዱ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ 8 ፒን (ስምንት ቀዳዳ ያለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ) ለየብቻ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነሳ ገመድ ስጠው። አንድ 8 ፒን የተሰራው ለ150 ዋት ነው፣ ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ያለውን አንድ ገመድ ለአንድ ካርድ ሙሉ አትጠቀም፣ ይግላል።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው ጎልድ የሚለው ምልክት አያታልልህ፣ ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን ነው የሚነግርህ እንጂ ስለ አቅሙ ምንም አይልም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ አዲሱን ስትገጥም የድሮውን ገመዶች በሙሉ አውጣቸው። እኔ ሳታ ገመዱን (ለኤስኤስዲው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ላለመፍታት ሰንፌ የድሮውን እዛው ተውኩት፣ አዲሱ ላይ ልክክ ብሎ ገባ፣ የፒኖቹ አደራደር ግን የተለያየ ስለነበር ገና ሳበራው ኤስኤስዲዬ ተቃጠለ፣ ፎቶዎቼ በሙሉ እሱ ላይ ነበሩ።