ክኒኗን ልጣላት ወይስ ሐኪም ጋ ልሂድ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ጋደም እላለሁ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ስገላበጥ አመሻለሁ። አንዲት ጎረቤቴ አዝናልኝ ከራሷ ዲያዚፓም የሚባል የሚያስተኛ ክኒን ሰጠችኝ። መጀመሪያ ጭልጥ አድርጋ አስተኛችኝ። ይኸው ወራት አለፉ፤ አሁን አንዷ አልበቃ ብላ ሁለት ሆናለች። ከተውኳትማ ዓይኔም አይከደን። ጠዋት ደንበኛ ፊት ድንዝዝ ብዬ እቆማለሁ።

ኮምቦልቻ የሚሠራው ባለቤቴ «ሱስ ነው፣ ዛሬውኑ ጣያት፤ ቡና ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ በጊዜ ተኚ» ይለኛል። እህቴ ደግሞ «ሆስፒታል ሄደሽ ጠንከር ያለ ይጻፍልሽ» ትላለች። ማንን ልስማ?

እንቅልፍ የናፈቃት፣ ከደሴ

*

አብሽሪ እህቴ። የእናትሽን ነፍስ ይማር።

ከሁሉ በፊት፣ ክኒኗን ዛሬ እንዳትጥያት። ለወራት የተወሰደ ዲያዚፓም በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቀት ይመጣል፣ ጥሎ የሚያንፈራግጥም አለ። ስለዚህ ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ፤ ግን ጠንከር ያለ ለማጻፍ ሳይሆን ከዚህችው ለመውረድ። ዲያዚፓም ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ነው የሚታዘዘው፤ ሰውነት ሲለምደው ጨምሩልኝ ይላል። የጠዋቱ ድንዛዜም ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ነው። ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ፣ የምትውጪውን ልክ ሳትደብቂ ንገሪ። ሐኪሙ በየጊዜው ቀነስ እያደረገ ያወርድሻል።

ባለቤትሽ በቡናው ልክ ነው። አሥር ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ግማሽ ያህል ካፌይኑ ማታ ሦስትና አራት ሰዓት ላይም ደምሽ ውስጥ አለ። ወሎ ላይ ተቀምጬ ቡና ተዪ ለማለት ግን አልደፍርም። የጠዋቷን ጠጪ። ከሰዓት ከጎረቤት ጋር ተቀመጪ፣ ተጫወቺ፣ ስኒው ሲመጣ አሳልፊው። ጫት ካለበትም ያው ነው፣ ያነቃል።

«በጊዜ ተኚ» ያለው ግን ጭራሽ ገደል የሚከት ምክር ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ሰዓት አልጋ ላይ ስትገላበጪ፣ ሰውነትሽ አልጋን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ይለምዳል። ዘግይተሽ ግቢ፤ እንቅልፍ ሲጫጫንሽ፣ ለምሳሌ አራት ተኩል ላይ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሺ፤ እሁድም፣ ሌሊቱን ሳትተኚ ብታድሪም። ቀን ጋደም ማለት የለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ካልመጣ ጋቢሽን ደርበሽ ከአልጋ ውረጂ፤ የደሴ ብርድ እንደሆነ አይታመንም። ደብዘዝ ባለ መብራት ልብስ እጠፊ፣ ሲያንጎላጅሽ ተመለሺ። ስልክ አትንኪ፣ ሰዓትም አትዪ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ቀን የሚሰማሽ ያ የእንቅልፍ ረሃብ ነው ማታ የሚያስተኛሽ።

ይህ እንዲያው የሰፈር ምክር እንዳይመስልሽ። በባህሪና በአስተሳሰብ ላይ የሚሠራ ሕክምና ይሉታል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለከረመ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ያስቀደመው ይህንን ነው። ባልሽ የሚለው ልማድን መለወጥና እህትሽ የምትለው ሕክምና እንግዲህ አይጣሉም፤ ልማድን መለወጡ ራሱ ሕክምና ነው። በእግር መሄዱና ቡና መቀነሱ ብቻቸውን ግን የከረመውን እምብዛም አይፈቱትም።

ሐኪሙ ፊት የምትናገሪያቸው ነገሮች አሉ። ባለቤትሽን ጠይቂው፤ ስታንኮራፊ ትንፋሽሽ ቁርጥ ይላል? ከሆነ የእንቅልፍ ክኒን ሊጎዳሽ ይችላል። ማታ ማታ እግርሽን አላስቀምጥ ይልሻል? ልብሽ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ክብደትሽስ ይቀንሳል? ደግሞም ሐዘኑን አትዝለዪው። ሌሊት ነቅተሽ ልብሽ የሚከብድሽ፣ ምግብ ያስጠላሽ፣ መኖር የታከተሽ ከሆነ ያ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ የራሱ ሕክምና አለው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ መሄድ ነውር የለውም። ጸበልም ዱዓም ከሐኪም አያጣላም።

ከጎረቤትሽ ሌላ ክኒን አትቀበዪ። እሷም በየማታው የምትውጥ ከሆነ ግን አብራችሁ ሂዱ።