ነጥብ ስለወጣ ብቻ አትሰርዙ

ሐዋሳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ ልጆቼ፣

ከያው ዳታ የተሠራ ግራፍ በስታትስቲክስ ፕሮግራሙ በኤስፒኤስኤስ አንድ መልክ፣ በፕሮግራሚንግ ቋንቋው በፓይተን ሌላ መልክ ሲይዝ ብዙዎቻችሁ ፋይሉ የተበላሸ ይመስላችሁና ከመጠይቁ እንደ አዲስ ትመዘግባላችሁ። ፋይሉ ደህና ነው። የተለያየው ፕሮግራሞቹ ሳይጠይቋችሁ የመረጡት የስሌት ደንብ ነው።

ሐዋሳ ዙሪያ 8 አርሶ አደሮች ያመረቱት በቆሎ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 እና 12 ኩንታል ነው እንበል። ለቦክስ ፕሎቱ (የዳታውን መካከለኛ ግማሽ በሳጥን፣ ርቀው የወጡትን በነጥብ ለሚያሳየው ግራፍ) የመጀመሪያውን ሩብ፣ ማለትም ከዳታው አንድ አራተኛው ከበታቹ የሚሆንበትን ቁጥር፣ ሌላው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ሚኒታብ 2.25፣ ኤስፒኤስኤስ 2.5፣ የፓይተን የግራፍ መሥሪያ የሆነው ማትፕሎትሊብ 2.75 ያደርገዋል። ሦስተኛው ሩብም (ሦስት አራተኛው ከበታቹ የሚሆንበት) በቅደም ተከተል 6.75፣ 6.5፣ 6.25 ይሆናል። ስህተት የሠራ የለም፤ ሩቡ በሁለት ቁጥሮች መካከል ሲወድቅ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ደንብ ብዙ ነው። የስታትስቲክስ ምሁራኑ ሃይንድማንና ፋን በ1996 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ዘርዝረዋል፤ አር የተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ዘጠኙንም ይዟል፣ ካልነገራችሁት 7ኛውን ይወስዳል።

ጉዳቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በሁለቱ ሩቦች መካከል ያለው ርቀት በ1.5 ተባዝቶ ሦስተኛው ሩብ ላይ ሲደመር የላይኛው ወሰን በማትፕሎትሊብ 11.5፣ በኤስፒኤስኤስ 12.5፣ በሚኒታብ 13.5 ይሆናል። 12 ኩንታል ያገኘው ሰው በማትፕሎትሊብ አውትላየር (ከሌሎቹ ርቆ የወጣ) ተብሎ ነጥብ ይሆናል፤ በቀሩት ሁለቱ ግን ከሌሎቹ ጋር ነው። አር ውስጥ እንኳ ቦክስፕሎት የሚለው ትእዛዝና ጂጂፕሎት2 የተባለው የግራፍ መሥሪያ በዚህ አይስማሙም። እባካችሁ፣ ነጥብ ስለወጣ ብቻ ሰውየውን ከዳታው አታውጡት! መጠይቁን ፈልጉ፤ ኩንታል የተባለው ጆንያ እንዳይሆን፣ ማሳውም ስንት ጥማድ እንደሆነ አጣሩ።

300 ሰው ካላችሁ የሩቡ ልዩነት ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። በቀበሌ ከፋፍላችሁ ስምንት ስምንት ሰው ሲደርስ ግን ይመለሳል።

ሂስቶግራም (ቁጥሮችን ከፋፍሎ በየክፍሉ ስንት እንዳለ በዓምድ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ የዕድሜ ነገር ያስቸግራል። አገራችን ውስጥ ዕድሜው የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ 20፣ 25፣ 30 እያለ ያጠጋጋል። በአምስት ዓመት ስትከፍሉት አር 20ን ከ15 እስከ 20 ባለው ዓምድ ሲቆጥር፣ ማትፕሎትሊብ ከ20 እስከ 25 ባለው ይቆጥረዋል፤ ጉብታው በሙሉ አንድ ዓምድ ይሸሻል። ወሰኑን 17.5፣ 22.5፣ 27.5 እያላችሁ ራሳችሁ ስጡት። የዓምዱን ብዛትም ለፕሮግራሙ አትተዉ፤ ማትፕሎትሊብ 10፣ ጂጂፕሎት2 30 ይሰጣችኋል።

የጥናት ዘዴ ምዕራፋችሁ ውስጥ የፕሮግራሙን ስምና ቨርዥን፣ የሩቡን ደንብና የዓምዶቹን ወሰን ጻፉ። አማካሪያችሁ በሌላ ፕሮግራም ሲሞክሩት ያንኑ ግራፍ የሚያገኙት እነዚህ ከተጻፉ ነው።