ገረጋንቲ ግቢ ላይ አትክልት፦ ጥያቄና መልስ ለኮምቦልቻና ለደሴ

ኮምቦልቻና ደሴ ያላችሁ ሰዎች «ግቢዬ ድንጋይ ነው፣ በዕቃ ብተክልስ?» እያላችሁ ስትጠይቁ ሰንብታችኋል። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ መለስኩ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። እኔ ኮምቦልቻ ስለሆንኩ መልሴ ወደ ሙቀቱ ያዘነብላል። የደሴዎች ደግሞ መሃል ላይ የራሳችሁ አለላችሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ የሠራነው ቤት ግቢው በሙሉ ገረጋንቲ ነው። አረም እንኳ አይበቅልበትም። ከየት ልጀምር?

አብሽሪ እህቴ። ገረጋንቲ የሚደለደለው ተጠቅጥቆ መኪና እንዲሸከም ነው፤ ሥር እንዲገባበት አይደለም። እሱን አስቆፍሮ፣ አስወጥቶ፣ በምትኩ አፈር ማስገባት ብዙ ብር ይበላል። በዕቃ ስትተክዪ ግን መሬቱ ወለል ብቻ ነው። የሚበቅለው ዕቃው ውስጥ ባለው አፈር ላይ ስለሆነ ከሥር ያለው ነገር አያሳስብሽም።

መጀመሪያ ፀሐይዋን እዪ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ወጥተሽ ጥላው የት እንደሚያርፍ ተመልከቺ። ለኮምቦልቻ ከሁሉ የሚመቸው ጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት ጥላ የሚሆነው ቦታ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ያለው ግድግዳ ሥር ነው። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ቆስጣና ሰላጣ ለ4 ሰዓት ያህል ካገኙ ይበቃቸዋል።

ከዚያ በሦስት አራት ዕቃ ጀምሪ። አንዴ ሃያ ዕቃ የደረደረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማጠጣቱ ይሰለቸዋል።

ጥያቄ፦ ሃይላንድ ቆርጬ ግድግዳ ላይ ብሰቅልስ? ቲክቶክ ላይ አይቼ በጣም ወደድኩት።

ለፎቶ ያምራል። ለኮምቦልቻ ፀሐይ ግን አይሆንም። ትንሽ ዕቃ ትንሽ አፈር ይይዛል፤ ትንሽ አፈር ደግሞ ገና ቀትር ሳይሆን ይደርቃል። ሥሩም በሙቀት ይጎዳል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ደግሜ ልበለው፦ ጥቂት ግን ትልቅ ዕቃ ያዙ።

ለአንድ ቲማቲም ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ አናቱ ተቆርጦ። ለአንድ ቃሪያ ባለ 10 ሊትር ባልዲ። ለቆስጣና ለሰላጣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሰፊ ሳፋ፣ የተሰነጠቀም ቢሆን ችግር የለውም። የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያም በደንብ ታጥቦ፣ አፉ ወደ ውጭ ተጠቅልሎ ይሆናል። ጥቁር ዕቃ ሙቀት ይስባል፤ ካላችሁ በአሮጌ ኬሻ ሸፍኑት ወይም ነጭ ቀለም ቀቡት።

የፀረ ተባይ፣ የበረኪና፣ የሞተር ዘይትና የዘይት ቀለም ዕቃ ግን አይነካ። ቢታጠብም አይነካ።

የጋለ ሚስማር ይዛችሁ ከታች ስድስት ሰባት ቀዳዳ ብሱ። ከሥር ጠጠር መደልደል አያስፈልግም። ውኃው እንዲወርድ ይረዳል ይባላል እንጂ እርጥበቱ ጠጠሩ አናት ላይ ቆሞ ሥሩን ያበሰብሳል። ቀዳዳው ላይ አፈሩን የምትይዝ የኬሻ ቁራጭ ጣል ማድረግ ይበቃል። ዕቃውን ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ ከሥሩ አየርም ያገኛል፣ ከጋለው መሬትም ይርቃል።

ጥያቄ፦ አፈሩንስ ከየት አመጣለሁ? ሰፈራችን ያለው ዋልካ ነው።

ዋልካ ብቻውን ዕቃ ውስጥ ከገባ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ግን አትናቀው፤ ውኃና ምግብ በመያዝ የሚያህለው የለም። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅል። አፈርህ ድሮም አሸዋማ ከሆነ አሸዋውን ተውና ፍጉን ጨምር።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ድብልቁን ትንሽ ውኃ ነካ አድርገህ በእጅህ ጨብጠው። እጅህን ስትከፍት ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ በአውራ ጣትህ ስትነካው ደግሞ ፍርስ ካለ ጥሩ ነው። ካልፈረሰ ጭቃ በዝቶበታል። ጨርሶ ካልተጨበጠ አሸዋ በዝቶበታል።

ፍጉ የቆየ ይሁን። ትኩስ እበትና ትኩስ የዶሮ ኩስ ችግኝ ያቃጥላል። የበሰለ ፍግ ጠቆር ይላል፣ ይፈረፈራል፣ የሚሸተውም የአፈር ሽታ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ድብልቁ ውስጥም ላዩም ላይ አይግባ፤ ሌላውን ተክል ያቀጭጫል። የከሰል አመድ ከበዛ አፈሩን ያበላሻል፤ ከጨመርክ እፍኝ አይለፍ። የቡና አተላ ከኮምፖስት ጋር ቢበሰብስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ ጋ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለሰውም አልበቃ። ለአትክልት ከየት አምጥቼ ነው?

እውነትዎን ነው እትዬ። የዕቃ ተክል ከመሬት ተክል ይልቅ ውኃ ይፈልጋል፤ ሥሩ ወዴትም ሄዶ መፈለግ አይችልም። ግን ቤት ውስጥ የሚደፋው ውኃ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የተሻለው የውዱእ ውኃ ነው። ሳሙና የለበትም፣ በቀን አምስት ጊዜ አለ። ሳፋ ላይ ውዱእ ቢደረግ አራት አምስት ሰው ያለበት ቤት ለሦስት አራት ዕቃ የሚሆን ያገኛል። የሩዝ፣ የምስርና የጎመን እጣቢም ያው ነው። የዱቄት ሳሙናና በረኪና የነካው ግን አይሆንም፤ ጨውነቱ ዕቃው ውስጥ ተጠራቅሞ የቅጠሉን ጫፍ ያደርቃል። የፓስታና የድንች ቅቅል ውኃም ጨው ከገባበት አይሆንም።

ሲያጠጡ በማለዳ ያጠጡ። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ደረቅ ከሆነ ከታች ጠብ ጠብ እስኪል ቀስ አድርገው ያጠጡ።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ውኃውን እንዳፈሰሱ ወዲያው ከሥር ዥው ብሎ ከወጣ ጠጣ ማለት አይደለም። አፈሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል፤ ውኃው በስንጥቁ ወርዶ ይሄዳል፣ መሃሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ዳር ዳሩን ክፍተት ካዩ ዕቃውን ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ከሥር እየሳበ ይጠጣል። ከዚያ ዳሩን በጣትዎ ጠቅጠቅ ያድርጉት።

የአፈሩን ፊት በጭድ ይሸፍኑት፤ ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ ጭዱ ፀሐይዋን ከአፈሩ ላይ ስለሚከላከል ማጠጫውን በግልጽ ያራርቀዋል።

ግማሽ በርሜል የሚያህል ዕቃ ካለዎት ደግሞ ያልተሟሸ አዲስ ትንሽ እንስራ መሃሉ ላይ እስከ አንገቱ ይቅበሩ። ውኃ ሞልተው ይክደኑት። አፈሩ በደረቀ ቁጥር ሸክላው ቀስ እያለ ያሰርግለታል። አሮጌ ጀበና ይሆናል ወይ ያላችሁም ነበራችሁ። አይሆንም፤ ስንት ዓመት ቡና የጠገበ ጀበና ውኃ አያሳልፍም። ሃይላንድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑን በመርፌ ብስቶ ውኃ የሞላውን ጠርሙስ ዘቅዝቆ መትከል ለሁለት ቀን ጉዞ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ምን ይሻላል? መቼስ ይተከል?

ቆስጣ። ሁለተኛም ቆስጣ። ከውጭ በኩል ያሉትን ቅጠሎች እየቀጠፋችሁ እምብርቱን ካልነካችሁት ለወራት ይሰጣል። ቀጥሎ ሐበሻ ጎመንና ቃሪያ። በሶብላ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ደግሞ ትንሽ ቢረሱም አይቀየሙም። ናና ለብቻው ዕቃ ይሰጠው፤ ከሌላ ጋር ከተተከለ ሁሉንም ይወርሳል።

ሰላጣ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀት ሲበዛበት አይበቅልም፣ ቢበቅልም ቶሎ ወደ ላይ ይመዘዝና ይመራል። ክረምቱ ሲወጣ ጀምሮ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ጥላ ስፍራ ይዝሩት። ካሮት ጥልቅ ዕቃ ይፈልጋል። ቀይ ሽንኩርት በዕቃ ማብቀል ለእኔ ትርፍ የለውም፤ አንዱ ቦታ አንድ ራስ ብቻ ነው የሚሰጠው።

መጀመሪያ ለሚሞክር መስከረምን እመርጣለሁ። ዝናቡ ይቀንሳል፣ አየሩም ገና አልከረረም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ኮምቦልቻ በጣም ስለሚሞቅ ያኔ መጀመር ራስን መፈተን ነው። ችግኝ ሲዛወር አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ሌሊቱን ያገግማል። የታሸገ ዘር ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ።

ጥያቄ፦ እኔ ደሴ ነኝ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ቲማቲም ትለቅማለች፤ የኔው በኅዳር አንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። ምን ነካው?

ውርጭ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። የሀረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትገቢ ብርዱ የሚቀበልሽ ለዚህ ነው፤ ከፍታው ብቻውን 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያመጣል። ቲማቲምና ቃሪያ ውርጭ አይችሉም። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ምሽት ዕቃዎቹን ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጊና በኬሻ ሸፍኚ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጪው። በዕቃ የመትከል ጥቅሙ ይኸው ነው፤ መሬት ላይ ያለውን ማንም አያስጠጋውም።

በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ችግርሽ ውኃው መብዛቱ ነው። ዕቃዎቹን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስገቢ። በብርድና በእርጥበት የቲማቲም ቅጠል ቡናማ እየሆነ ከረገፈ በሽታ ነው፤ የታመመውን ቆርጠሽ ከግቢ አውጪ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው።

ግን ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ደሴን ይወዷታል። ድንችም እንዲሁ፤ ደሴ አጠገብ ያለችውን ኩታበርን ማየት ነው። ጆንያውን እስከ ሲሶው አፈር ሙዪና ያጎነቆሉ ሁለት ሦስት ድንች ቅበሪ። ግንዱ ስንዝር ባለፈ ቁጥር የጆንያውን አፍ እየዘረጋሽ አፈር ጨምሪ። ፀሐይ አግኝቶ አረንጓዴ የሆነውን ድንች አትብሉት።

ጥያቄ፦ ቲማቲሙ አፈራ፣ ግን ፍሬው ከታች በኩል ጠቁሮ ይጎደጉዳል። ትል ነው?

ትል አይደለም። አንድ ቀን ደርቆ አንድ ቀን ሲጥለቀለቅ ፍሬው ካልሲየም በወቅቱ አያገኝም፤ ታችኛው ጫፍ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ማጠጣቱን እኩል አድርጉት፣ ጭድ አልብሱት። የእንቁላል ቅርፊት መጨመር ክፉ ባይሆንም ቶሎ አይደርስም። ቅጠሉ ውስጥ ነጣ ያለ ሰፊ መንገድ፣ ፍሬው ላይ ቀዳዳ ካያችሁ ግን እሱ ሌላ ነው። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት ትል ሊሆን ይችላል፤ አገራችን ውስጥ የታየችው በ2012 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የተጎዳውን ቅጠልና ፍሬ ወዲያው ለቅማችሁ አቃጥሉ።

ጥያቄ፦ ጎመኔን ክሽክሽ ወረረው።

አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጥና ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ርጨው። የተደበቁት እዚያ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ድገመው። ቀትር ላይ ከረጨህ ቅጠሉን ታቃጥላለህ። ከመብላትህ በፊት እጠበው።

ጥያቄ፦ ገጠር ካሉ ዘመዶቼ ዩሪያ ተርፎ አለ። ልጨምርበት?

ተወው። እርሻ ላይ የሚበተነውን በዓይን ገምቶ ባልዲ ውስጥ መጨመር ማቃጠል ነው። በየወሩ አንድ ሁለት እፍኝ የበሰለ ፍግ ዳር ዳሩን ጣል አድርግ።

ጥያቄ፦ ዶሮዎች አሉን፤ ሁሉን ይጭራሉ።

እሾህ ወይም ሽቦ። ሌላ መላ የለውም።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። ነገ ውጣ ብባል ልፋቴ ገደል ይገባል።

ገደልማ አይገባም፤ ይዘኸው ትሄዳለህ። ጆንያ ከመሬት ሲነሳ ስለሚቀደድ እጀታ ያለው ባልዲና ጀሪካን ምረጥ። አከራይህ ወለሉ ረጠበ እንዳይሉህ ከሥር አሮጌ ትሪ አድርግ፣ አልፎ አልፎም እቅፍ ቆስጣ ላክላቸው። የምትለቅ ቀን ባጃጅ ላይ ከመጫንህ በፊት አንድ ቀን ውኃ አታጠጣ፤ የረጠበ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ቲማቲሙን ከደጋፊ እንጨቱ ጋር በጨርቅ ላላ አድርገህ እሰረው። አዲሱ ቤት እንደ ደረስክ መጀመሪያ ጥላ ላይ አሳርፈውና አጠጣው።